ጀልባው አንዴ ባሕር ከገባ በኋላ ማስቆም ይቻላል ወይ?

መነሻ ጽሑፍ

የምኖረው ለንደን ነው። ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የጀልባዎቹ ወሬ ተነሣ። ከፈረንሳይ ተነሥተው በእንግሊዝ ቻናል በኩል ስለሚገቡት፣ በአየር ስለሚነፉት ጀልባዎች ማለቴ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው አለ። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ወደ እኔ ዞሮ እንግሊዝ ይህን ሁሉ መርከብ ይዛ አንዲት የጎማ ጀልባ ማስቆም እንዴት እንደሚያቅታት ጠየቀኝ። ከተሻጋሪዎቹ ውስጥ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን እንዳሉ ሰምቷል። ሐበሻ ስለሆንኩ የማውቅ መሰለው። መልስ አልነበረኝም። ሻዬን ይዤ ዝም አልኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ጥያቄውን እዚህ የውይይት መድረክ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። ማን ይምጣ፣ ማን አይምጣ የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ስልሳ ሰው የጫነ የጎማ ጀልባ ባሕር መሐል አለ እንበል። ይቁም የሚለው ሰው በእጁ ምን ያደርጋል? ገመድ ይወረውራል? ከፊቱ ይቆማል? ከዚያስ?

በሁለት ሌሊት 28 ምላሽ መጣ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ በተራ በተራ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ነው የጀመረው። ይህ ጥያቄ አውስትራሊያ ላይ ከተመለሰ ቆይቷል ባይ ነው። አውስትራሊያ በሴፕቴምበር 2013 በጦር መኮንን የሚመራ ዘመቻ ጀመረች። ከኢንዶኔዥያ የሚመጡትን ጀልባዎች ባሕር ላይ እየያዘች ወደመጡበት መለሰች። ብዙም ሳይቆይ የሚደርስ ጀልባ ጠፋ ማለት ይቻላል። እንግሊዝም ቆራጥ መሪ ካገኘች ይሳካላታል የሚል ነው ሐሳቡ።

ምላሽ 2

ሁለተኛው ካርታ ይዞ መጣ። የእንግሊዟ ዶቨርና የፈረንሳይዋ ካሌ በሚቀራረቡበት ቦታ ባሕሩ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ አገር ከጠረፉ እስከ 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የራሱ የግዛት ውሃ አለው። የሁለቱን አገር ስትደምሩት 44 ይመጣል። ባሕሩ ራሱ ግን 33 ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ የማንም ያልሆነ ውሃ የለም። ያለው መስመር ብቻ ነው። ከመስመሩ ወዲህ እንግሊዝ፣ ከመስመሩ ወዲያ ፈረንሳይ። የእንግሊዝ መርከብ ጀልባ እየገፋ መስመሩን ካለፈ የሰው አገር ገባ ማለት ነው። ፈረንሳይ ካልፈቀደች አይሆንም። እሷ ደግሞ ፈቅዳ አታውቅም።

የአውስትራሊያው ነገር ሌላ ነው አለ። የአውስትራሊያ ግዛት የሆነው የክሪስማስ ደሴት ከኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መሐሉ ክፍት ባሕር ነው። ጀልባዎቹም በብዛት የእንጨት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ነበሩ። እነሱ የማያስኬዱ ሲሆኑ አውስትራሊያ ብርቱካናማ የነፍስ አድን ጀልባ ገዝታ ሰዎቹን በዚያ እያሳፈረች መልሳለች። ከባሕሩ ሥራ ጎን ደግሞ የተያዙትን ናውሩ ወደምትባል ደሴት ትልክ ነበር። መርከቡ ብቻውን አይደለም ሥራውን የሠራው።

1ኛው መላሽ ማታ ተመልሶ አመስግኖታል። የሁለቱን የግዛት ውሃ ደምሮ እንደማያውቅ ሳይሸሽግ ጻፈ። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

ምላሽ 3

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። መላሹ የጭነት መርከብ ላይ መኮንን ሆኖ የሠራ ያገራችን ልጅ ነው። ባሕር ዳር ሠልጥኖ ነው የወጣው። በዶቨር ወሽመጥ በሌሊት ተራ ብዙ ጊዜ አልፏል። በቀን ከ400 በላይ መርከብ የሚያልፍበት ቦታ ነው። እንደ አስፋልት መሄጃና መምጫ ረድፍ አለው። ጀልባዎቹ ይህን በጎን ያቋርጣሉ፤ በጨለማ፣ ያለ መብራት። ትልቅ መርከብ እንደ መኪና ፍሬን የለውም። ሞተሩ ቢጠፋም ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። ጎማው ደግሞ ራዳር ላይ በቅጡ አይታይም። ከነጭ ማዕበል አይለይም።

ከዚያ ጀልባዋን ገለጸልን። ሱቅ ውስጥ የምትሸጥ ጀልባ አይደለችም። ለአንድ ጉዞ ብቻ የተሠራች ናት። ርዝመቷ ስምንት፣ ዘጠኝ ሜትር ይሆናል። ጎኗ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ በማጣበቂያ የተያያዘ። ወለሏ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ከሥር አጥንት የላትም። ማዕበል ሲመጣ መሐሏ ይታጠፋል። ወንዶቹ ጎኖቹ ላይ እንደ ፈረስ ይፈናጠጣሉ፤ አንድ እግራቸው ውሃ ውስጥ ነው። ሴቶችና ልጆች ደህና ነው ተብሎ መሐል ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ። አደጋው ግን እዚያ ነው። የፈሰሰ ቤንዚንና የባሕር ውሃ ወለሉ ላይ ይቀላቀላል። ሰዓታት ሲቆይ ቆዳ ይልጣል። የጎኑ አየር ሲቀንስ ደግሞ ጀልባዋ ወደ ውስጥ ትሸበሸባለች። መሐል ያሉት ይጨፈለቃሉ። ውሃ ሳይነካቸው ትንፋሽ አጥሯቸው የሞቱ አሉ።

ዋናው ነጥቡ ይሄ ነው። መርከብ ሲጠጋ ሰው ሁሉ ይነሣል። አንዱ በፍርሃት፣ አንዱ በተስፋ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት ወይ ወለሉ ይሰበራል ወይ ጀልባዋ ትገለበጣለች። ማስቆም የሚባለው ሥራ ራሱ ሰው ይገድላል ማለት ነው፤ ማንም መግደል ሳይፈልግ።

ካነበብኩ በኋላ ወጥ ቤት ሄድኩ። የዕቃ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞላሁት። ስስ የፕላስቲክ ክዳን አንሳፍፌ ሽምብራ ደረደርኩበት። ወደ ሠላሳ ፍሬ ያዘ። ከዚያ አንዱን ጠርዝ በጣቴ ጫፍ ነካ አደረግሁት። ሽምብራው በሙሉ ወደዚያ ተንከባለለ፤ ክዳኑ ሰመጠ። ሰኞ ዕለት ለሥራ ባልደረባዬ በምሳ ዕቃ ክዳንና በአተር አሳየሁት። አንዲት ቃል አልተናገረም። ራሱ ደግሞ ሞከረው።

ምላሽ 4 እና 5

4ኛው አንድ መስመር ነው የጻፈው። መረብ ጥሎ ሞተሩን ማነቅ አይቻልም ወይ? ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ ግን በመንግሥት ደረጃ ታስቦበት ያውቃል።

5ኛዋ ዝርዝሩን አመጣችው። በኦክቶበር 2020 የቻናሉን ጉዳይ እንዲመራ የተሾመው የእንግሊዝ ባለሥልጣን መረብ ጥሎ የሞተሩን ፕሮፔለር መያዝ እየታሰበበት እንደሆነ ተናግሮ ነበር። በዚያው ሰሞን ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ አጥር መዘርጋት ይቻል እንደሆነ የመርከብ ኢንዱስትሪው ተጠይቋል። በ2021 ደግሞ ጄት ስኪ የያዙ የድንበር ጠባቂዎች ጀልባዎቹን ወደ ፈረንሳይ ውሃ እንዲመልሱ ሥልጠና ወሰዱ። የሠራተኛ ማኅበራቸው ራሱ ተቃወመ፤ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደ። ክርክሩ ሊሰማ ቀናት ሲቀሩት፣ በኤፕሪል 2022፣ መንግሥት ዕቅዱን ተወው።

የመረቡን ነገር እንዲህ አየችው። ሞተሩ ቆመ እንበል። ከዚያስ? ስልሳ ሰው ሞተር በሌላት ጎማ ላይ፣ መርከብ በሚመላለስበት መንገድ መሐል ተንሳፍፎ ይቀራል። የባሕር ሕግ ግልጽ ነው። የመርከብ አዛዥ ሰው በአደጋ ላይ መሆኑን ካወቀ የመርዳት ግዴታ አለበት። በ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 98 ላይ ተጽፏል። ስለዚህ መረቡን የጣለው ሰው ራሱ ሁሉንም ማውጣት አለበት። ማስቆሙ ወደ ማዳን ተለወጠ፤ አደጋው ብቻ ጨመረ።

ምላሽ 6፣ 7 እና 8

እዚህ ጋ ነገሩ ከረረ። 6ኛው መላሽ ይህ ሁሉ ሰበብ ነው ባይ ነው። ሥራውን ለባሕር ኃይል መስጠት እንጂ ካርታና አንቀጽ መቁጠር ምን ይጠቅማል በሚል ድምፅ ነው የጻፈው። 3ኛውን መላሽም ፈሪ አለው። ይሄ አላስደሰተኝም።

7ኛው በቁጥር መለሰለት። ተሞክሯል። ከኤፕሪል 2022 እስከ ጃኑዋሪ 2023 የቻናሉን ሥራ ይመራ የነበረው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነው። በዚያ ዓመት 45 ሺህ ከ700 በላይ ሰው ተሻገረ። እስከ ዛሬ ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። በ2018 የገቡት 299 ብቻ ነበሩ። ባሕር ኃይሉ የሠራው ጀልባዎቹን ፈልጎ ማግኘትና ሰዎቹ በሰላም ዶቨር እንዲደርሱ ማስተባበር ነው። ሌላ የሚሠራው አልነበረም።

8ኛው ምላሽ ራሱ 6ኛው ነው። ቁጥሩ ፖለቲካ ነው ብሎ ተቆጣ። እኔም ገብቼ ሰው ሳንሰድብ እንነጋገር አልኩ።

ምላሽ 9

ከዚያ አንዲት እህት ጻፈች። ከአራት ዓመት ልጇ ጋር በ2021 ተሻግራለች። ረጅም ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ይመስላል።

ዳንከርክ አካባቢ ጫካ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ጠበቀች። የምትጠብቀው ፖሊስ እስኪሄድ አልነበረም። ነፋስ እስኪቆም ነው። ደላላው በየማታው ስልኩ ላይ የአየር ትንበያ ያይ ነበር። ነፋሱ የቆመ ሌሊት ጀልባዋን በትከሻ ተሸክመው አሸዋውን አቋረጡ። የልጇን ልብስ በፌስታል ሁለት ጊዜ ቋጠረች። ስልኳን ፊኛ ውስጥ ከትታ አፉን አሰረች። ልጇን በነጠላዋ ከደረቷ ጋር ጠፍራ አሰረችው። ጫማዋ ውሃው ዳር አሸዋ ውስጥ ቀረ። እንግሊዝ የገባችው በአንድ እግር ካልሲ ነው።

የፈረንሳይ መርከብ አግኝቷቸዋል። ብዙዎቻችን ያላወቅነው ይሄን ነው። መርከቡ ሁለት ሰዓት ያህል ከጎናቸው ራቅ ብሎ ተከተላቸው። በእጅ ምልክት እርዳታ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ጀልባው ላይ ያሉት አይ አሉ። እሺ ካሉ ወደ ካሌ እንደሚመለሱ ያውቃሉ። መርከቡም አላስገደዳቸውም። ቢያስገድድ ምን እንደሚፈጠር መርከበኞቹ ያውቃሉ፤ 3ኛው መላሽ የጻፈው ነገር ይፈጠራል። እስከ መስመሩ ሸኝተዋቸው ቆሙ። 2ኛው መላሽ ካርታ ላይ ያሳየን መስመር ማለት ነው። እሷ ግን መስመሩን አላየችውም። ውሃው ያው ውሃ ነው። ያየችው የመርከቡ መብራት ወደ ኋላ ሲቀር ነው። ልቧ የቆመው ያኔ ነበር፤ አይዞሽ የሚል ባይኖርም መብራቱ ራሱ ሰው ነበርና።

ምን ቢደረግ ትቀሪ ነበር ብሎ የጠየቃት ነበር። ባሕሩ ላይ ምንም፣ ነው መልሷ። ነፋስ ብቻ።

ምላሽ 10 እስከ 13

ውይይቱ ለጥቂት ጊዜ ከጉዳዩ ወጣ፤ ይቅር የሚባል መውጣት ነው። ሁለት ሰዎች እንኳን በሰላም ገባሽ አሏት። 11ኛው ካሌ ጃንግል በሚባለው የስደተኞች ሠፈር በ2015 የነበረ ሰው ነው። ሐበሾች በእንጨትና በፕላስቲክ ሸራ የሠሩትን የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አስታወሰ። እሑድ ጠዋት ነጠላ የለበሰ ሰው ጭቃው መሐል ይሰለፍ እንደነበር፣ ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ ካልሲው እንደሚረጥብ ጻፈ። ሠፈሩ በኦክቶበር 2016 ፈረሰ።

12ኛዋ ከዚሁ ተነሥታ ወደ ጥያቄው መለሰችን። ያኔ ጀልባ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው በጭነት መኪና ሥር ነበር የሚሻገረው። ከዚያ ወደቡና በባሕሩ ሥር የሚያልፈው የባቡር ዋሻ ታጠረ። ካሜራ፣ የልብ ምት የሚሰማ መሣሪያ፣ ውሻ መጣ። የመኪናው በር ተዘጋ። በ2018 መጨረሻ ላይ ሰው ወደ ውሃው ዞረ። ጀልባው በሩ ሲዘጋ የተከፈተ መስኮት ነው የሚል ነው አስተያየቷ። 13ኛው በዚህ አልተስማማም። በሩ ባይዘጋም ደላሎቹ ጀልባውን ያገኙት ነበር ይላል። ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ እኔ ወደ 12ኛዋ አደላለሁ።

ምላሽ 14 እና 15

14ኛው ለምን ሰው ከደረሰ በኋላ ወደ ፈረንሳይ አይመለስም አለ። 15ኛው መለሰ። ተጀምሯል፤ ግን በባሕር አይደለም። እንግሊዝና ፈረንሳይ በጁላይ 2025 አንድ መልሶ አንድ የመቀበል ስምምነት አደረጉ። በጀልባ የገባ አንድ ሰው ሲመለስ፣ ፈረንሳይ ያለ ሌላ ሰው በሕጋዊ መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ተመላሾች በሴፕቴምበር በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከመካከላቸው ኤርትራዊ ነበረበት። የተመለሱት ከገቡት ጋር ሲወዳደሩ ጥቂት ናቸው። ያም ሆኖ መመለስ የተቻለው ፈረንሳይ ስለፈረመች ነው። ማዕበል ላይ ማንም ማንንም አልመለሰም።

ምላሽ 16

ስለ ባሕሩ ዳርቻ ነው። ፈረንሳይ የምትጠብቀው ጠረፍ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። አሸዋ፣ ቁጥቋጦ፣ የወንዝ አፍ። በ2023 እንግሊዝ ለዚህ ጥበቃ በሦስት ዓመት ወደ 480 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ቃል ገባች። ፖሊስ በዛ፣ ድሮን መጣ። ካንሽ የሚባለው ወንዝ ላይ ጀልባ እንዳያልፍ ተንሳፋፊ ፕላስቲክ ተዘረጋ። ደላሎቹ ዘዴ ቀየሩ። ጀልባዋን ራቅ ካለ ቦታ በውሃ ያመጧታል። ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይጠብቃታል። እንደ ታክሲ ነው። ፖሊሱ አሸዋው ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ታዞ ነበርና። በጁላይ 2025 ግን ፖሊሶች ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ገብተው ጀልባ በቢላ ሲቀዱ ታይተዋል።

የጀልባው ቁጥር ሲቀንስ በአንዷ ላይ የሚጫነው ሰው በዛ። በ2018 በአንድ ጀልባ በአማካይ ሰባት ሰው ነበር። በ2024 ከሃምሳ አለፈ። በኤፕሪል 2024 ቪምሩ አጠገብ አንዲት ጀልባ 112 ሰው ጭና ነበር። ከባሕር ዳርቻው ብዙም ሳትርቅ አምስት ሰው ሞተ፤ አንዷ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ከሃምሳ በላይ የሚሆኑት ከጀልባዋ አልወርድም ብለው ጉዟቸውን ቀጠሉ። በሴፕቴምበር 3 ደግሞ ግሪ ኔ ከተባለው ጫፍ ትይዩ 12 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። ኤርትራውያን ይበዙባቸው ነበር። ያን ሳምንት ለንደን ውስጥ ስንት ቤት ድንኳን ተተከለ መሰላችሁ።

ምላሽ 17

ለእኔ ምርጡ ይሄ ነው። ጀልባዋ ከየት ትመጣለች ብሎ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ቻይና ተሠርተው በቱርክ በኩል አውሮፓ ይገባሉ። ጀርመን መጋዘን ይቀመጣሉ። ከዚያ በመኪና፣ ነፋሱ በሚቆምበት ሌሊት፣ በሰዓታት ውስጥ ጠረፉ ይደርሳሉ። በጁላይ 2022 የአምስት አገር ፖሊስ አንድ ላይ ባደረገው ዘመቻ 39 ሰው ተያዘ። ከ130 በላይ ጀልባ፣ 45 ሞተርና ከ1,200 በላይ ላይፍ ጃኬት ተገኘ። ከተፈተሹት ቦታዎች ብዙዎቹ ጀርመን ውስጥ ኦስናብሩክ አካባቢ ነበሩ። ያን ያህል ጀልባ ባሕር ላይ ለማስቆም ስንት ሰው ይሰጥም ነበር? መጋዘን ውስጥ ግን ተጠቅልሎ የተቀመጠ ፕላስቲክ ነው። የሚሰጥም የለም።

አንድ ክፍተትም ጠቆመ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስለወጣች፣ ሰው ወደ እንግሊዝ እንዲሻገር መርዳት በጀርመን ሕግ በግልጽ ወንጀል አልነበረም። ሕጉን ለማጥበቅ የተስማሙት በ2024 መጨረሻ ነው።

ምላሽ 18 እና 19

18ኛው 9ኛዋን እህት ወቀሳት። ልጅ ይዞ ባሕር መግባት ኃጢአት ነው፣ ተሳክቶልሽ ስታወሪ ሌላውን ታሳስቻለሽ ብሎ። ቃሉ ከባድ ነበር። እሷም አልመለሰችለትም። እኔ ግን እመልስለታለሁ። አሥራ አንድ ቀን ጫካ ያደረች እናት አደጋውን ካንተ አሳንሳ አላየችውም።

19ኛው ሕግ የሚማር ልጅ ነው። ጭቅጭቁን ትቶ የድሮ ጉዳይ አነሣ። በሜይ 2009 የጣሊያን መርከቦች ሁለት መቶ ያህል ሰዎችን ከባሕር አንሥተው ወደ ሊቢያ መለሱ፤ ትሪፖሊ ላይ አስረከቧቸው። ከመካከላቸው 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ጣሊያንን ከሰሱ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2012 ፈረደላቸው። መርከቡ ላይ የወጣ ሰው በመርከቡ ባንዲራ ባለቤት አገር ሥልጣን ሥር ነው፤ ሳይሰማ ወደ አደጋ አይመለስም። ባሕር ላይ ማስቆም እንዲህ የተወሳሰበው በእነዚህ 24 ሰዎች ምክንያት ጭምር ነው። ሐበሻ እንዳሉበት አላውቅም ነበር።

ምላሽ 20 እና 21

20ኛው ሮም የሚኖሩ አባት ናቸው። እርሳቸው ሲጽፉ ሁሉም ዝም አለ። በማርች 2011 መጨረሻ ከትሪፖሊ 72 ሰው ይዛ የወጣችውን ጀልባ አነሡ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሳተላይት ስልክ ሮም ወዳሉት ኤርትራዊ ቄስ፣ ወደ አባ ሙሴ ዘርአይ ደወሉ። ቄሱም ለጣሊያን ጠረፍ ጠባቂ አሳወቁ። ሄሊኮፕተር መጥቶ ውሃና ብስኩት ጥሎ ሄደ። የተመለሰ የለም። ጀልባዋ ሁለት ሳምንት ተንሳፋ ሊቢያ ጠረፍ ላይ ተጣለች። 63ቱ ሞቱ። እርሳቸው በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሟች ቤተሰብ ሲጮህ ሰምተዋል። ማስቆም ከተባለ አለማየትም አንዱ መንገድ መሆኑን ነው የነገሩን።

21ኛዋ ቻናሉም ላይ እንዲህ ሆኗል አለች። በኖቬምበር 24፣ 2021 ሌሊት ጀልባዋ ስትሰጥም ተሳፋሪዎቹ ለሁለቱም አገር ደወሉ። ያላችሁት በዚያኛው ውሃ ነው እየተባሉ ተላለፉ። ቢያንስ 27 ሰው ሞተ። ያው መስመር ነው።

ምላሽ 22

ጅቡቲ የሚኖር ሰው ተቆጥቶ ጻፈ፤ ንዴቱ ገብቶኛል። ስለ እንግሊዝ 33 ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ስንጽፍ የራሳችንን 30 ኪሎ ሜትር ረሳን ባይ ነው። ባብ ኤል ማንደብን ማለቱ ነው። ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን ወጣቱ በየሌሊቱ ይሻገራል። በኦገስት 2025 የመን ውስጥ አብያን ጠረፍ ላይ አንድ ጀልባ ተገልብጦ በአሥሮች የሚቆጠር ሰው አለቀ። አብዛኞቹ የኛ ልጆች ናቸው። በኦገስት 2017 ደግሞ ደላሎቹ የጸጥታ ሰው ጠረፍ ላይ ያዩ መሰላቸው። እንዳይያዙ ብለው ከመቶ በላይ ልጆችን ባሕር ውስጥ ገፍተው ጣሏቸው። ጥበቃው ሲቀርብ ደላላው መጀመሪያ የሚጥለው ሰውን ነው። ይህን ምላሽ ከ3ኛው ጋር አያይዛችሁ አንብቡት።

ምላሽ 23

በጀልባ የገቡትን ወደ ሩዋንዳ የመላክን የእንግሊዝ ዕቅድ አነሣ። በኤፕሪል 2022 ታወጀ። በጁን አውሮፕላኑ ሳይነሣ ታገደ። በኖቬምበር 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕገወጥ ነው አለ። በጁላይ 2024 አዲሱ መንግሥት ሰረዘው። የባሕሩ ጥያቄ ስላልሆነ አለፍነው።

ምላሽ 24 እስከ 26

6ኛው ተመለሰ። 3ኛውን መላሽ ይቅርታ ጠየቀ። ዶቨር ባለችበት ኬንት ነው የሚኖረው። ጎረቤቶቹ ዜና ባዩ ቁጥር ፊታቸው ላይ የሚያየው ነገር እንደከበደው ጻፈ። ከዚያ በተረጋጋ ቃል ጠየቀ። ባሕር ላይ ካልሆነ የት ይቁም?

መርከበኛው መለሰለት። ጀልባዋ ሳትነፋ በፊት፣ መሬት ላይ። መጋዘን፣ መንገድ፣ የደላላው ገንዘብ። ከተነፋች በኋላ ያለው ሥራ ማውጣት ብቻ ነው። እሱም እንዴት እንደሚሠራ አስረዳን። ቀስ ብሎ መቅረብ። መብራት ዓይናቸው ላይ አለማብራት። መጀመሪያ ላይፍ ጃኬት ማደል። ከዚያ ጥቂት ጥቂት ሰው፣ ክብደቱ ሳይዛባ። ከ1824 ጀምሮ ያለው የእንግሊዝ የነፍስ አድን ማኅበር ሠራተኞች አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሌሊት ከአልጋቸው ተነሥተው ነው የሚሄዱት።

26ኛዋ አስተርጓሚ ናት። አንድ ነገር ጨመረች። ጀልባ ላይ ያለው ሰው እንግሊዝኛ ባይሰማ ምን ይደረግ? አንድ ቃል ብቻ መማር ይበቃል። በአማርኛ ተቀመጡ። በትግርኛ ኮፍ በሉ። ከዚያ ሰዎች በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በዓረብኛ ጨመሩበት። ተሰባስቦ አንድ ገጽ ሞላ።

ምላሽ 27 እና 28

27ኛውን አንዲት እህት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጻፈችው። ወንድሟ ከፈረንሳይ ከደወለላት ሳምንት ሆኖታል። ስልኩ ዝግ ነው። ጀልባ ይግባ፣ አይግባ አታውቅም። ማንን ልጠይቅ ነው ያለችው።

28ኛው ወዲያው መለሰላት። ቀይ መስቀል የጠፋ ቤተሰብ ያፈላልጋል፤ ክፍያ የለውም። እንግሊዝም ፈረንሳይም ውስጥ አለ። ሙሉ ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑን፣ መጨረሻ የደወለበትን ቦታና ቀን ይዛ ትቅረብ። የታሰረ ወይም መጠለያ የገባ ሰው ስልኩን አጥቶ ለቀናት ሊጠፋ ይችላል፤ ተስፋ አትቁረጥ። ሰው ባሕር ላይ ሆኖ ድረሱልኝ ብሎ ከደወለም ዝም ብሎ ማደር የለም። በፈረንሳይ ውሃ 196፣ በእንግሊዝ 999 ተደውሎ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ይጠየቃል። ለሁለቱም መንገር ይሻላል፤ ያላችሁት በዚያኛው በኩል ነው ቢሉም።

ምላሽ 28ን ከመነሻ ጽሑፌ በላይ አውጥቼ ሰክቼዋለሁ። ቁጥሮቹን በትልቁ ጽፌያቸዋለሁ። እህታችን ዛሬ ጠዋት ቀይ መስቀል ቢሮ በር ላይ ሆና መልእክት ልካልኛለች፤ ገና አልተከፈተም።